ስለ ክርስቲና ሮሴቲ አሮጌ መጽሐፍ ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ፣ ለንደን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሽውን የእንግሊዛዊቷን ገጣሚ የክርስቲና ሮሴቲን «አዲስ ግጥሞች» ፎቶ አየሁት። ልሽጠው ወይስ አስጠርዤ ላስቀምጠው ብለሻል። እኔ ብሆን ሁለቱንም አላደርግም።

ጥረዛውን ተዪው። ከዓመታት በፊት በዚያው ዘመን የታተመ የግጥም መጽሐፌ ጀርባው ስለላላ ለጠራዥ ሰጠሁት። ሲመለስልኝ አዲስ ቆዳ ለብሷል፤ የጥንቱ የጨርቅ ሽፋን ተጥሏል፣ የገጾቹም ዳር በመቁረጫ ተስተካክሏል። አንድ የድሮ አንባቢ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የጫረው ጽሑፍ ግማሹ አብሮ ተቆርጦ ሄዷል። እስካሁን ይቆጨኛል። ያንቺ ሽፋን ከላላ በጥጥ ጥብጣብ እሰሪው። ስኮች እንዳይነካው። ቡናማ ነጠብጣቦቹን ለመፋቅ አትሞክሪ፤ ደረቅና ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይበቃዋል።

ዋጋውን ለማወቅ የርዕሱን ገጽ ጀርባ እዪ፤ ድጋሚ ኅትመት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይጻፋል። አሳታሚው ማክሚላን በ1896 ያወጣው የመጀመሪያው እትም ቢሆን እንኳ፣ ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚሹት ስሟን ያስጠራውን የ1862ቱን መድብል ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ 1896 የኛ የዓድዋ ዓመት ነው።)

ከመሸጥሽ በፊት ግን «በሠዓሊ ስቱዲዮ ውስጥ» የሚለውን ግጥም ፈልጊ። አሥራ አራት መስመር ብቻ ነው። የጻፈችው በ1856 በፈረንጆች ገና ዋዜማ ሲሆን፣ የታተመው እሷ በ1894 ካረፈች በኋላ ወንድሟ ዊልያም ማይክል ባሰባሰበው በዚሁ መጽሐፍ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሳይታተም ቆየ ማለት ነው።

ሠዓሊው ያችኑ አንዲት ሴት አንዴ ንግሥት፣ አንዴ ስም የለሽ ልጃገረድ፣ አንዴ ቅድስት አድርጎ ይሥላታል። እሷ በመጠበቅ ገርጥታለች፤ ሸራው ላይ ያለችው ግን ተስፋዋ ሳይጠፋ የነበረችው፣ በሕልሙ የምትታየው ናት። ሠዓሊው ሌላው ወንድሟ ዳንቴ ገብርኤል፣ ሴትዮዋም ኋላ ያገባት ኤልሳቤጥ ሲዳል እንደሆነች ዊልያም ማይክል ጽፏል።

ሲዳል ለሥዕል መቀመጥ ብቻ አልነበረም ሥራዋ፤ ራሷም ትሥል ነበር፣ ግጥምም ትጽፍ ነበር። ሐያሲው ጆን ረስኪን በ1855 ለሥራዎቿ በዓመት 150 ፓውንድ ሊከፍላት ተስማምቶ ነበር። ግጥሙን በወደድኩት ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ ክርስቲናም ብትሆን ብሩሽ አላስያዘቻትም። ያውም ራሷ ተቀምጣ የተሣለች ሴት ሆና። ወንድሟ የድንግል ማርያምን ልጅነት ሲሥል ማርያም ሆና የተቀመጠችለት እሷ ነበረች። ሥዕሉ የቴት ሙዚየም ንብረት ነው፤ ለንደን ስላለሽ ለእይታ ሲወጣ ሄደሽ እዪውና ወደ ግጥሙ ተመለሺ።

ከዚያ በኋላም ልሽጠው ካልሽ ለነጋዴ ከመስጠትሽ በፊት ለእኔ ንገሪኝ።