ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በር በሩን ነው የምቆመው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 54 ዓመቴ ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። የወር አበባዬ ከቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከአንድ ዓመት ወዲህ ሽንቴ ያቃጥለኛል፣ ያጣድፈኛል፣ ሌሊት ሦስት አራቴ ያስነሳኛል። ብልቴ ይደርቃል፣ ያሳክከኛል። ከባለቤቴ ጋር መገናኘት ሕመም ስለሆነብኝ ሰበብ እየፈጠርኩ እሸሻለሁ። መድኃኒት ቤት «ኢንፌክሽን ነው» እያሉኝ ዘንድሮ ብቻ አራት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ። ለጥቂት ቀን ይሻለኛል፣ ከዚያ ያው ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በር በሩን ነው የምቆመው። እርጅና ነው ብዬ ልቀመጥ ወይስ ሌላ በሽታ አለብኝ?

መልስ፦ እትዬ፣ በር በሩን እቆማለሁ ያሉት ከማቃጠሉም ከማሳከኩም በላይ ብዙ ነገር ነገረኝ። እኔ ጋ የሚመጡ ብዙ እናቶች መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ወገባቸውና ስለ ደም ግፊታቸው ነው። ጨርሰው ይነሳሉ። ከዚያ አንድ እጃቸው የበሩ እጀታ ላይ እያለ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው «ደግሞ...» ይላሉ። የመጡበት ጉዳይ ያ «ደግሞ» ነው።

በደብዳቤ ብቻ ይሄ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም፤ መታየት አለብዎት። ግን የጻፉልኝ ነገር ማረጥ ብልትና የሽንት ቧንቧ ላይ ከሚያመጣው ችግር ጋር በጣም ይመሳሰላል። ካረጡ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ይብዛም ይነስ ያገኛቸዋል። እርጅና ነው ብለው የሚቀመጡበት ጉዳይም አይደለም፣ መድኃኒት አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን የብልትን ግድግዳ ወፍራም፣ እርጥብና ተለጣጭ አድርጎ ያቆየዋል። የሽንት ቧንቧውና የፊኛው አንገትም ከዚሁ ሆርሞን ተጠቃሚ ናቸው። ሴት ስታርጥ ኢስትሮጅኑ ይቀንሳል። ቆዳው ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ በትንሽ ነገር ይላጣል። ሌላም ነገር አለ፦ ብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ፣ ቦታውን አሲዳማ አድርገው ጎጂዎቹን የሚያባርሩ። ቆዳው ሲሳሳ እነሱም ያንሳሉ፣ አሲዱም ይቀንሳል፣ ያኔ ከፊንጢጣ አካባቢ የሚመጣ ጀርም መንገዱ ቀና ይሆንለታል። ስለዚህ አንዳንዴ ኢንፌክሽኑ እውነት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ጀርም ሳይኖር የሳሳው ቆዳ ራሱ ነው የሚያቃጥለው፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቆዳ አያወፍርም። አራት ጊዜ ውጠው ያልዳኑት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

በማረጥ ጊዜ ፊት ላይ ቦግ የሚለው ሙቀት በብዙዎች ላይ ከዓመታት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ይሄኛው ግን ዝም ካሉት እየባሰ የሚሄድ ነው። ለረጅም ጊዜ የብልቱ ለብቻ፣ የሽንቱ ለብቻ ይታይ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. የዘርፉ ባለሙያዎች ሁለቱን በአንድ ስም ጠቀለሏቸው። እኛ ጋ ግን አሁንም ሴትዮዋ ስለ ሽንቷ ብቻ ታወራለች፣ የብልቱን ትደብቃለች፣ ሐኪሙም አይጠይቅም። (እኛም ጥፋት አለብን፤ ሰልፉ ረጅም ነው እያልን እናልፈዋለን።)

ገበያ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ልገምት? ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አይጠጡም፣ ምክንያቱም ሽንት ቤት ሩቅ ነው፣ በርበሬውን ደግሞ ማን ይጠብቃል። እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ አውቃለሁ። ባሕር ዳር ለመሄድ ከዋዜማው ጀምራ ውኃ የምትተው አለች፣ ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ጫፍ ላይ ካልሆነ የማትቀመጥ አለች፣ ጥቁር ቀሚስ ብቻ የምትለብስም አለች። ሌሊት መነሳቱም ቀላል አይደለም፤ ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ በዚያ ብርድ፣ በጨለማ፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው ዓይን ደረጃ መውረድ ነው። በዚህ ዕድሜ አጥንት ይሳሳል፣ መውደቅ ማለት መሰበር ሊሆን ይችላል።

ውኃ መተው ግን አይረዳም። ሽንት ሲወፍር ፊኛውን ይበልጥ ይቆጠቁጠዋል፣ ኢንፌክሽንም ይጋብዛል። ቀን ላይ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየጠጡ ይዋሉ፣ ከመተኛትዎ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ይቀንሱ። ጾም ላይ ከሆኑ ጾሙን ከፈቱ በኋላ ያካክሱት። ቡና ተዪ የምልበት አፍ የለኝም፤ ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ሐኪም ማን ይሰማዋል። ግን ቡና ፊኛ ያጣድፋል፣ ገበያ በሚወጡበት ጠዋት አቦሉ ይብቃዎት።

ውስጡን በሳሙና፣ በዴቶል፣ በሎሚ መታጠብ ካለ ዛሬውኑ ያቁሙ። ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ፣ ያውም ለውጭው ብቻ፣ ይበቃል። ወይባ የሚሞቁ ከሆነም ለጊዜው ይተዉት። ለሌላው ሰውነት ደስ እንደሚል አውቃለሁ፣ ግን ሙቀቱና ጭሱ የሳሳውን ቆዳ ያስቆጣዋል። ቫዝሊን ወደ ውስጥ አይቀቡ።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ የሽንት ምርመራ ያስፈልግዎታል፣ በተቻለ መጠን ካልቸር ጭምር፣ የትኛው ጀርም እንደሆነና በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት የሚለየው እሱ ነው። ስኳርም ይለኩ፤ ሽንት የሚያመላልሰው ስኳር ሊሆን ይችላል። በማህፀን ሐኪም መታየቱ አይቀርም፣ ማህፀን ወርዶ እንደሆነ የሚታወቀውም ያኔ ነው።

ሕክምናው ደረጃ አለው። ለድርቀቱ ብቻ ሆርሞን የሌለው ማለስለሻ አለ፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሚደረግ፤ ለግንኙነት ሰዓት ደግሞ ሌላ ቅባት አለ። ካልበቃ፣ ወይም ኢንፌክሽኑ የሚመላለስ ከሆነ፣ ብልት ውስጥ የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው ኢስትሮጅን፣ ክሬም ወይም እንክብል፣ ይታዘዛል። አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ሳምንት በየማታው፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ ነው። ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ለውጡ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይመጣም፣ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚህ በአሥረኛው ቀን አልሠራም ብለው አይጣሉት። የጡት ካንሰር ታሞ የሚያውቅ ሰው ግን አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት። ጎረቤት የምትውጠውን የሆርሞን ኪኒን ተውሶ መዋጥ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም።

ለማጣደፉ አንድ ነገር ልስጥዎት። ሽንትና ፈስ እንደሚይዝ ሰው ታችዎን ወደ ላይ ሰብሰብ ያድርጉ፣ አምስት ሰከንድ ያህል ይያዙ፣ ይልቀቁ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። በርበሬ እየሰፈሩም ይሆናል፣ ማንም አያይዎትም። ድንገት ሲያጣድፍዎት አይሩጡ፤ ቆም ይበሉ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ጠበቅ ጠበቅ ያድርጉት፣ በረድ ሲል ቀስ ብለው ይሂዱ።

ደም ካዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ መመርመር አለበት። ሽንት ላይ ደም፣ ብርድ ብርድ ከሚል ትኩሳት ጋር የጎን ሕመም፣ ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ የሚፈስ ሽንት፣ ከብልት የሚወጣ እብጠትም እንደዚሁ።

ባለቤትዎ ምናልባት «ጠላችኝ» ብለው እያሰቡ ይሆናል። ሰበቡን ተዉትና «ያመኛል፣ ልታከም ነው» ይበሏቸው። ይሄን ያህል ይበቃል።

ሐኪሙ ፊት ቃሉ ካልወጣዎት ወረቀት ላይ «ይደርቀኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ስገናኝ ያመኛል» ብለው ጽፈው፣ ገና ሳይቀመጡ ይስጡት። የአራቱን አንቲባዮቲኮች ካርቶን ካልጣሉት እሱንም ይዘው ይሂዱ።