የጠቆረው ኮርኒስና የ«አንድ ዓመት ዋስትና» ውል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቤታችንን ከተቋራጭ የተረከብነው በ2013 ዓ.ም. ነው። ኮርኒሱ ቺፑድ ሲሆን ባለ 50 ዋት ሃሎጅን ስፖት መብራቶቹን ገዝቶ የገጠመው ራሱ ተቋራጩ ነው። አሁን በመብራቶቹ ዙሪያ ኮርኒሱ እየጠቆረ ነው፤ ማታ ማታም የሚቃጠል ነገር ይሸተናል። ስንደውልለት «ውሉ ላይ ዋስትናው አንድ ዓመት ነው» አለን። መብት አለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መብት አለዎት። ከዚያ በፊት ግን እለምንዎታለሁ፦ ዛሬ ማታ እነዚያን መብራቶች አያብሩ፤ የመብራቱን ብሬከር ያውርዱ። ሃሎጅን ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው የሚወጣው በሙቀት መልክ ነው፤ ብዙዎቹ ስፖቶች ደግሞ ሙቀቱን በጀርባቸው ወደ ኮርኒሱ ውስጥ ይለቁታል። እዚያ ያለው ቺፑድና ሞራሌ ነው፤ በላዩ ደግሞ በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ። ለወራት እየተጠበሰ የጠቆረ እንጨት ከጤነኛው እንጨት ባነሰ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ማጥፋቱ ለክርክርዎም ይጠቅማል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1802 ተጎጂው ጉዳቱ እንዳይበዛ የሚቻለውን እንዲያደርግ ያስገድዳል። እያወቁ አብርተው ቤቱ ቢቃጠል ተቋራጩ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው።

ወደ ውሉ ስንመጣ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ቤት የሠራ ተቋራጭ ሥራው በደንብ ለመሠራቱና ለጽናቱ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃል ዋጋ የለውም። ስለዚህ «አንድ ዓመት» የሚለው መስመር፣ ፊርማዎ ቢኖርበትም፣ አያስርዎትም፤ ዋስትናው እስከ 2023 ዓ.ም. ይዘልቃል።

ተቋራጩ «አምፖል አላቂ ዕቃ ነው» ብሎ መከራከሩ አይቀርም። አምፖል መቃጠሉ በርግጥ የእሱ ጣጣ አይደለም። የእርስዎ አቤቱታ ግን ይህን ያህል የሚግል መብራት ከቺፑድ ጋር አጣብቆ፣ መከላከያ ሳያደርግና አየር ሳይተው መግጠሙ ነው፤ ይህ የአሠራር ጉድለት ነው። በርክክቡ ቀን በዓይን የሚታይም አልነበረም። ክርክሩ የሚከብደው ከዚያ ወዲህ እናንተ ከፍ ያለ ዋት አምፖል አስገብታችሁ ከሆነ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ለጠበቃዎ አስቀድመው ይንገሩ።

ማስረጃው እንዳይጠፋ እሰጋለሁ። ብዙ ሰው ደንግጦ ሁሉንም ነቅሎ በኤልኢዲ ይቀይርና ፍርድ ቤት ባዶ እጁን ይቆማል። መጀመሪያ ፎቶ ያንሱ፤ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መርምሮ የጉድለቱን መንስኤ በጽሑፍ ይስጥዎት፤ የተነቀለውን መብራትና የጠቆረውን ቺፑድ አይጣሉ።

ቀጥሎ ለተቋራጩ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ (አንቀጽ 1772 እና 1773)፤ ስልክ መደወል ለማስረዳት ያስቸግራል። ጉድለቱን ይግለጹ፣ የሚያስተካክልበትን ቀን ይቁረጡ፣ መቀበሉን ያስፈርሙ። እምቢ ካለ ክስ መሥርተው ኪሳራ መጠየቅ፣ ወይም በእሱ ወጪ በሌላ ባለሙያ ለማሠራት የፍርድ ቤት ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ።

ጎረቤቶችዎንም ያስቡ። በአንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው። እሳቱ አጥር ቢሻገር ጎረቤት ይህን አንቀጽ ይዞ የሚመጣው ወደ እርስዎ ነው፤ ተቋራጩን መጠየቅ ከዚያ በኋላ የእርስዎ ፈንታ ይሆናል።