ስልኬ ተሰረቀ፤ ያመረተው ድርጅት አያገባውም ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ታክሲ ውስጥ በመስኮት ስልክሽን ነጠቁሽ። ለአምራቹ ስትጽፊ ደግሞ «ያለበትን ቦታ መናገር አንችልም» አሉሽ። «ያን ሁሉ ብር ተቀብለው ለማስመለስ አያግዙም ወይ?» ነው ያልሽው። ሞባይል ጥገና ላይ ብዙ ስለቆየሁ የማየውን ልንገርሽ።

ማገዝ አለባቸው። ቦታውን መናገሩ ላይ ግን አልስማማም። ሱቅ ድረስ ካርቶንና ደረሰኝ ይዞ «ይሄ ስልክ የት እንዳለ አውጣልኝ» የሚል ሰው ይመጣል። ቀስ ብለሽ ስታወሪው የተሰረቀ ነገር የለም። ሚስቱ ጥላው ሄዳ ነው። ስልኩን የገዛላት እሱ ስለሆነ ደረሰኙ በስሙ ነው። ደረሰኝ ላሳየ ሁሉ አድራሻ ቢሰጥ ይቺ ሴት ምን ይውጣታል? ቦታውን መጠየቅ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ይቆይ።

የሚያዋጣው ሌባው ገዢ እንዲያጣ ማድረግ ነው። አፕል በፈረንጆቹ 2013 ስልኩ ፎርማት ቢደረግም የባለቤቱን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ቁልፍ አስገባ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአይፎን ስርቆት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ 40 በመቶ፣ ኒውዮርክ ላይ 25 በመቶ ወረደ። ካሊፎርኒያ ከ2015 ጀምሮ እንዲህ ያለ መቆለፊያ በሕግ አስገደደች። እኛም ጋ የተቆለፈ አይፎን ከመጣ የሚፈለገው ለስክሪኑና ለካሜራው ነው። በ2024 ደግሞ ቁልፉን ወደ ባትሪው፣ ስክሪኑና ካሜራው አሰፉት። የእኛን እንጀራ ይነካል፣ ግን ልክ ናቸው። አንድሮይድም ከ2015 ወዲህ ተመሳሳይ ቁልፍ አለው። ችግሩ ርካሾቹ ላይ እሱን ባይፓስ የሚያደርጉ፣ ማለትም ያለ ይለፍ ቃል የሚያልፉ ልጆች አይጠፉም። አምራቾቹን መወትወት እዚህ ላይ ነበር።

አምራቾቹን የምጣላቸው በሌላ ነገር ነው። ከዱባይ ወይም ከቤይሩት እህት የላከችው ስልክ ተቆልፎ ይመጣል። አካውንቱን የከፈተላት እዚያ ያለ ባለሱቅ ነው፤ ኢሜይሉን አታውቀውም። አምራቹ የግዢ ደረሰኝ አምጡ ይላል። ማን ደረሰኝ አስቀምጦ! ስልኩ የተላከለት ልጅ አልሰረቀም፣ ግን እንደ ሌባ ተቆልፎበት ይመለሳል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሌላ ማረጋገጫ መንገድ ሊኖር ይገባል።

ላፕቶፕማ ከነጭራሹ ተረስቷል። ብዙዎቹ ላይ ሃርድ ዲስኩ ተቀይሮ አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነ አለቀ። ግን ከታች የተለጠፈውን ሲሪያል ቁጥር አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቢ ዋስትናው መቼ እንደሚያበቃ ይነግርሻል። ያንን ካወቁ የፖሊስ ደብዳቤ ለቀረበበት ቁጥር «የተሰረቀ» ብሎ ማሳየት ምን ይከብዳቸዋል? ገዢውም እኔም ከመክፈላችን በፊት እናይ ነበር።

ለአሁኑ ሲምሽን አዘጊ። ቴሌብርና የባንክ አፕ ካለሽ ዛሬውኑ አሳውቂ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ባለ 15 አኃዝ አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ ቁጥር) ይዘሽ ፖሊስ ጋ አመልክቺ። ስልክ መፈለጊያው ካርታ ላይ ስልክሽ ያለበትን ነጥብ ብታዪም ብቻሽን እንዳትሄጂ። መርካቶ አንድ ሕንፃ ላይ ቢያርፍ ስንት ፎቅ፣ ስንት ሱቅ ልታንኳኪ ነው? ስልኩንም ከአካውንትሽ እንዳታጠፊው፤ ካጠፋሽው ቁልፉ ይከፈታል። «ስልክዎ ተገኝቷል፣ ይህን ሊንክ ይጫኑ» የሚል መልእክት ሊመጣልሽ ይችላል። ስልኩን የያዘው ሰውዬ የይለፍ ቃልሽን ፈልጎ ነውና እንዳትነኪው።