ለጌም ቻናል የሚሠራ ሎጎ፦ ከተኩላው በፊት ሰውየው

ውድ ጠያቂዬ፣

ደብዳቤዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። የግራፊክ ዲዛይን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆኑ፣ የቪዲዮ ጌም ሲጫወት በቀጥታ የሚያስተላልፍ አንድ ወጣት ለቻናሉ ሎጎ እንዲሠሩለት እንደጠየቀዎት፣ የሚፈልገውም ጥርሱን ያገጠጠ የተኩላ ጭንቅላት ከነስሙ እንደሆነ ገልጸውልኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተኩላ ሲስሉ ቆይተው አንዱም ስላላረካዎት የሥዕል ችሎታዎን መጠራጠር ጀምረዋል። በተጨማሪም ወጣቱ በክፍያ ፈንታ ስምዎን በስርጭቱ ላይ አነሣለሁ ማለቱን ጠቅሰው፣ እንዲህ ያለውን ሥራ በፖርትፎሊዮዎ (በሥራ ናሙናዎ ስብስብ) ቢያስገቡት ቀጣሪዎች እንደ ልጅ ጨዋታ ይቆጥሩት እንደሆነ ጠይቀውኛል። በተኩላው እጀምራለሁ፤ የቀጣሪዎቹ ጥያቄ መልስ ያለው እዚያው ውስጥ ነውና።

ችግሩ ከእጅዎ ነው ብዬ አላምንም። በደብዳቤዎ ስለ ተኩላው ጆሮ፣ ስለ ጥርሱና ስለ ዐይኑ ቀለም በዝርዝር ጽፈዋል፤ ስለ ወጣቱ ግን ጌም ይጫወታል ከሚለው በቀር አንድም ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም። ምን ዓይነት ጌም እንደሚጫወት፣ ሲሸነፍ ይቆጣ ወይም ይስቅ እንደሆነ፣ ተመልካቾቹ ችሎታውን ለማየት ይመጡ ወይም ወሬውን ለመስማት፣ ይህ ሁሉ አልተጻፈም። ይህን ሳያውቁ የሚሳል ተኩላ የማንም ተኩላ ነው። ትክክለኛውን ንድፍ ከስሕተቱ የሚለዩበት መስፈርት ስላልነበረዎት አሥረኛው ተኩላ ከመጀመሪያው የተሻለ መሆኑን ማወቅ አልቻሉም፤ አለመርካትዎም ከዚያ የመጣ ነው።

ስለዚህ እርሳሱን ለጥቂት ቀናት ያስቀምጡና ከስርጭቶቹ ቢያንስ ሦስቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመልከቱ። ተመልካቾቹን ሰላም የሚልበትን ቃል፣ ሳያስበው የሚደጋግመውን አባባል፣ የተመልካቾቹ አስተያየት የሚበዛበትን ቅጽበት ይመዝግቡ። ከዚያም ወጣቱን አግኝተው ሌላ ሰው የማይጠይቀውን ይጠይቁት፦ ከሁለት ዓመት በኋላም ይህንኑ ጌም እጫወታለሁ ብሎ ያስባል? ይህ ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሎጎዎችን ከመሞት ያድናል፤ የጌም ተወዳጅነት ሲቀዘቅዝ ተጫዋቹ ወደ ሌላ ይሸጋገራልና፣ በአንድ ጌም መሣሪያ ወይም ገጸ ባሕርይ ላይ የተመሠረተ ሎጎ ባለቤቱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በጌም ምትክ በሰውየው ጠባይ ላይ የተመሠረተ ሎጎ ግን አብሮት ይሄዳል።

ተኩላውን ለምን እንደመረጠም ይጠይቁት። ደማቅ ወፍራም ጠርዝ ያለው ቁጡ የእንስሳ ጭንቅላት ከስፖርት ቡድኖች አርማ በቪዲዮ ጌም ወደሚወዳደሩ የኢስፖርት ቡድኖች የተሻገረ አሠራር ነው። ለቡድን ጥሩ ያገለግላል፤ ቡድን ተጋጣሚ አለው፣ ማልያ ይለብሳል፣ አባላቱ ቢለዋወጡም እንስሳው ይቀራል። የይዘት ፈጣሪ ግን አንድ ሰው ነው፤ ተመልካቹ የሚመጣው ለዚያ ሰው ድምፅና ለዛ ነው። እንቆቅልሽ የሞላበትን ጌም በዝግታና በትዕግሥት የሚያብራራ ሰው ጥርሱን ያገጠጠ ተኩላ ቢለብስ፣ አዲስ መጪው ከምስሉ የጠበቀውን ከስርጭቱ አያገኘውም። በሌላ በኩል ወጣቱ በእርግጥም ኃይለኛና ተፎካካሪ ከሆነ ተኩላው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ እኔ የምቃወመው ተኩላን አይደለም፣ ሳይጠየቅ የገባ ተኩላን እንጂ።

አሁን ወደ መጠን ልምጣ፤ በዚህ ዘርፍ ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሎጎውን እርስዎ የሚስሉት በሰፊ ስክሪን ላይ ነው፤ ተመልካቹ የሚያየው ግን ብዙ ጊዜ በስልክ፣ ከአስተያየት አጠገብ፣ ከጣት ጥፍር ባነሰች ክብ ውስጥ ነው። ዩቲዩብ 800 በ800 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) የሆነ የቻናል ምስል እንዲጫን ቢመክርም ምስሉን በክብ ቆርጦ ነው የሚያሳየው፤ በማዕዘኖቹ ላይ ያስቀመጡት ሁሉ ይጠፋል። ጌም በቀጥታ በሚተላለፍበት በትዊች ላይ ደግሞ ኢሞቶች (ተመልካቾች በጽሑፍ መሐል የሚልኳቸው ትንንሽ ምስሎች) በ28፣ በ56 እና በ112 ፒክስል፣ የደንበኝነት ባጆች (ከደንበኛ ተመልካች ስም አጠገብ የሚታዩ ትንንሽ ምልክቶች) በ18፣ በ36 እና በ72 ፒክስል ስፋት ይዘጋጃሉ። በ18 ፒክስል ውስጥ የተኩላ ፀጉር የሚባል ነገር የለም፤ ጥርስም የለም፤ ያለው ቅርጽ ብቻ ነው። ሱዛን ኬር በ1984 ለወጣው የማኪንቶሽ ኮምፒውተር አዶዎችን ስትነድፍ የነበራት ቦታ 32 በ32 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ንድፏንም በባለ ካሬ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ካሬዎቹን እየሞላች ትሠራ ነበር። ይህን ልምምድ እርስዎም ይሞክሩት። ወረቀት ላይ 28 በ28 ካሬ ያስምሩና ሐሳብዎን በጥቁር ብቻ ይሙሉበት። እዚያ ውስጥ የሚታወቅ ቅርጽ ካልወጣ፣ በትልቁ ላይ የሚጨመር ጥላና ብልጭታ አያድነውም።

ስሙን በክቡ ውስጥ ለማስገባት ያደረጉትን ሙከራ ይተዉት። ምልክቱን ለብቻው፣ ምልክቱን ከስሙ ጋር በአግድም፣ እንዲሁም በአንድ ቀለም ብቻ የሚታተም ሌላ ቅጂ ያዘጋጁ። ስሙ የሚነበበው በባነሩ፣ ማለትም በቻናሉ ገጽ አናት ላይ ባለው ሰፊ ምስል፣ እና በስርጭቱ ስክሪን ላይ ነው፤ በባነሩም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዩቲዩብ ቢያንስ 2048 በ1152 ፒክስል የሆነ ምስል ቢጠይቅም በሁሉም መሣሪያ ላይ ሳይቆረጥ የሚታየው መካከሉ፣ 1235 በ338 ፒክስል ያህሉ ብቻ ነው።

ስለ ቀለም ጥቂት ልበል። በጌም ዓለም የሚወደዱት የሚያበሩ ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለሞች በስክሪን ላይ ያምራሉ፤ በአራቱ የኅትመት ቀለሞች ሲታተሙ ግን ይደበዝዛሉ፤ ወጣቱ አንድ ቀን ካናቴራ ላሳትም ቢል እንዳያዝን አስቀድመው ይንገሩት። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገሩ ተመልካቾች ስላሉም የሎጎው ትርጉም በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ልዩነት ላይ ብቻ አይንጠልጠል። ምስሉን ወደ ግራጫ ቀይረው፣ በጥቁርም በነጭም መደብ ላይ አስቀምጠው ይመልከቱት። የመጨረሻው ሥራ በቬክተር፣ ማለትም ቢያሳድጉት ጥራቱ በማይቀንስ የሥዕል ዓይነት፣ መሠራት አለበት፤ ኢለስትሬተር የተባለው የሥዕል ፕሮግራም ከሌለዎት በነጻ የሚገኘው ኢንክስኬፕ ይበቃዎታል። ለስርጭቱ ስክሪን የሚሰጡትም ፋይል መደቡ ከኋላው ያለውን የሚያሳይ ፒኤንጂ ይሁን፤ ጄፔግ የተባለው የምስል ዓይነት እንዲህ ያለ መደብ ሊኖረው አይችልም።

ክፍያን በተመለከተ በግልጽ እነግርዎታለሁ። ስምን በስርጭት ማንሣት ክፍያ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ወጣቱ ራሱ ከቻናሉ ገና ገቢ የማያገኝ ከሆነና ሥራውን ለልምድ ሊወስዱት ከመረጡ አልከለክልዎትም። የምለምንዎት በጽሑፍ እንዲስማሙ ነው። ስንት ንድፍ እንደሚያቀርቡ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያሻሽሉ፣ መብቱ መቼ ወደ እርሱ እንደሚተላለፍ፣ ቻናሉ ገቢ ማግኘት ሲጀምር ምን እንደሚታሰብልዎት፣ ሥራውን በፖርትፎሊዮዎ የማሳየት መብት እንዳለዎት በአንድ ገጽ ይስፈር። በ1971 ተማሪ የነበረችው ካሮሊን ዴቪድሰን የናይኪን ምልክት ነድፋ የተከፈላት 35 ዶላር ነበር፤ ኩባንያው በ1983 የአክሲዮን ድርሻ ሰጥቷታል፤ ይህ ግን የተሰጣት በኩባንያው በጎ ፈቃድ ነው፣ እርስዎ ሥራዎን በሌላ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ እንዲያስቀምጡ አልመክርም። በዚያው ስምምነት ሎጎው ከማንኛውም ጌም ገጸ ባሕርይ እንዳልተቀዳ፣ የፊደሉም ቅርጽ ለንግድ ሥራ የተፈቀደ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ነገር ቻናሉ ባደገ ቁጥር የሚያስከትለው ጣጣም ይከብዳል።

ቀጣሪዎች ምን ይላሉ ለሚለው ጥያቄዎ፣ የአመልካቾችን ሥራ በማጣራት በተሳተፍኩባቸው ጊዜያት ያየሁትን ልንገርዎት። ያማረ የእንስሳ ጭንቅላት ብቻውን የቀረበበት ገጽ ቶሎ ይታለፋል፤ መልማዩ ያ ሥዕል ለምን እንደተሳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውምና። እርስዎ ግን ወጣቱን ምን እንደጠየቁት፣ ከስርጭቶቹ ምን እንዳስተዋሉ፣ የተጣሉት ሦስት ንድፎች ለምን እንደተጣሉ፣ በ28 ፒክስል የተደረገውን ሙከራና ሎጎው በእውነተኛው ስርጭት ላይ ሲሠራ ቢያሳዩ፣ ያ ገጽ ስለ ጌም መሆኑ ቀርቶ አንድ ባለሙያ እንዴት እንደሚያስብ የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናል። ሥራው ከዚህም ይሰፋል፦ ስርጭቱ ከመጀመሩ በፊት የሚታየው ስክሪን፣ ከትዕይንት ወደ ትዕይንት የሚያሸጋግረው አጭር እንቅስቃሴ፣ ኢሞቶቹ፣ የቪዲዮዎቹ የፊት ምስል አቀማመጥ፣ ሁሉም ከሎጎው ይወለዳሉ። እነዚህን በአንድ መልክ አስተሳስሮ መሥራት የቻለ ተማሪ የማስታወቂያ ድርጅትም፣ የቴሌቪዥን ጣቢያም፣ የሶፍትዌር ኩባንያም የሚፈልገውን ችሎታ ይዟል።

የሚቀጥለውን ቀጠሮ እንዲህ ቢያደርጉት እመክራለሁ። ተኩላውን አይሰርዙት፤ የጠየቀው እርሱን ስለሆነ የተቻለዎትን ያህል አሳምረው፣ ግን ወደ ጆሮና ዐይን ብቻ አጥርተው ይሳሉት። ከእርሱ ጋር ከስርጭቶቹ ካስተዋሉት ነገር የተነሡ ሁለት ሌሎች ንድፎችን ይጨምሩ። ሦስቱንም በጥቁር ብቻ፣ በስልክዎ ስክሪን ላይ፣ በአስተያየት አጠገብ በሚታዩበት መጠን አድርገው ያሳዩት፤ የትኛውን እንደሚመርጥ ከመናገሩ በፊትም ተመልካቾቹ የትኛውን አይተው እርሱን እንደሚያስታውሱ ይጠይቁት። ተኩላውን ከመረጠ ተኩላውን ይሥሩለት፤ ያን ጊዜ ለምን እንደሚሠሩት ያውቃሉ።