«ድብደባውን ማለስለስ» ይባላልን?

ጥያቄ፦ አንድ ዜና «ኩባንያው ሠራተኞቹን ቢያሰናብትም ድብደባውን ለማለስለስ የሦስት ወር ደመወዝ ከፍሏቸዋል» ይላል። ይህ አማርኛ ነውን? ካልሆነስ ምን ይባል?

መልስ፦ ቃላቱ የእኛ ናቸው፤ አባባሉ ግን የእንግሊዝኛው «ሶፍተን ዘ ብሎው» ነው። «ብሎው» እዚህ አንድ ምት ነው፤ ድብደባ ግን ደጋግሞ መምታት ሲሆን በዜና ቋንቋ የጦር አውሮፕላን ሥራ ነው። ኩባንያው ሠራተኞቹን አስደብድቦ ሲያበቃ የካሰ ይመስላል! «ምቱን» ቢባልም ብዙ አይሻልም፤ በአማርኛ የሚለዝበው ቁጣና አቋም፣ የሚለሰልሰው ንግግር ነው።

ጸሐፊውን ያሳሳተው እንግሊዝኛው ሁለት ነገር በአንድ ሐረግ መጠቅለሉ ይመስለኛል። አንዱ አነጋገር ነው። ለዚህ «አለሳልሶ ነገረው»፣ «ቅስሙ እንዳይሰበር በዘዴ ነገረው» እንላለን። በዚህ ረገድ አማርኛ ድሃ አይደለም። መርዶ ነጋሪዎች ወዳጅ ዘመድ ይዘው በማለዳ የሚሄዱት ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማው ነው። ለማኝ እንኳ ባዶ እጁን ሲሸኝ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ይባላል፤ የምስጋናው ቃል እምቢታ ሆኖ ያገለግላል።

ሌላው ለጉዳቱ የሚሰጥ ነገር ነው፤ የዜናው ጉዳይም ይኸው ነው። «ለጊዜው መቋቋሚያ እንዲሆናቸው የሦስት ወር ደመወዝ ከፈላቸው» ቢል ይበቃው ነበር። ገንዘቡ ጥቂት መሆኑን ሊጠቁም ከፈለገ «ለማስተዛዘኛ ያህል» ይበል። ክፍያው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው ከሆነ ግን ስሙ «የሥራ ስንብት ክፍያ» ነው፤ የሠራተኛው መብት ስለሆነ ማስተዛዘኛ ማለት አይገባም።

«ክኒኑን በስኳር መቀባት» የሚልም አልፎ አልፎ አነባለሁ። እንግሊዞች ይህን ያሉት መራራ እንክብል ስኳር ይለብስ ስለነበር ነው፤ ፈረንሳዮች ደግሞ በወርቅ ይለብጡታል። የእኛ መራራ መድኃኒት ኮሶ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ነውና ሽፋን አያውቅም። ደግሞም የእንግሊዝኛው አባባል ብዙ ጊዜ የማታለል ሽታ አለው፤ «ማጽናናት» አይመጥነውም። እንዲህ ላለው «መደለል» ወይም «መሸንገል» አለን። ተከራይ «ኪራዩን እጥፍ አድርጎ፣ በሩን ቀለም በማስቀባት ሊደልለን ይፈልጋል» ቢል ማንም ማብራሪያ አይጠይቀውም።