የጂፑ ማኒፎልድ ሲሰነጠቅ

ጥያቄ፦ ዴንቨር ነው የምኖረው። ተራራ የምወጣበት የ1998 ጂፕ ቸሮኪ አለኝ፣ ባለ 4.0 ሊትር። ጠዋት ሳስነሳው ቲክ ቲክ ይላል፣ ሲሞቅ ዝም። መካኒኩ ማኒፎልዱ፣ ማለትም ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ የሚያወጣው ብረት፣ ተሰንጥቋል አለኝ። በሱ ፋንታ የሚገጠመውን ባለ ቱቦ ሄደር ርካሹን ልግዛ? ጉልበትስ ይጨምራል?

መልስ፦ የዚህ ሞተር የታወቀ በሽታ ነው፣ አይግረምህ። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ለዚያ ነው ድምፁ የሚጠፋው። ጉልበቱን እርሳው። ብትገዛም ላለመሰንጠቅ እንጂ ለፍጥነት አይደለም።

ርካሽ ስትል ግን ፍላንጁን እይ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚገጥመውን ጠፍጣፋ ብረት። ቀጭን ከሆነ በሙቀት ይጣመምና ጭስ ያሾልካል፤ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ውፍረት ካለው ጥሩ ነው። ቀለም የተቀባ ተራ ብረት ወንዝ ለሚያቋርጥ መኪና አይሆንም፣ ቶሎ ይዝጋል። ሙቀት መከላከያ ጨርቅ ብትጠቀልልበት ደግሞ ይብስበታል፣ እርጥበት ይዞ ያስቀረዋላ። አይዝጌ ብረት ውሰድ፣ 409 የሚባለው ከ304 ይረክሳል፣ ላዩ ዝገት ቢያሳይም ይበቃሃል። ቱቦው ላይ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ክፍል ያለው ካገኘህ ደግሞ እሱን አትለፈው።

ከመግጠምህ በፊት የሞተሩን መያዣ ጎማዎች አስፈትሽ። ካለቁ ሞተሩ እየተወዛወዘ አዲሱንም ይሰነጥቀዋል፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የአየር ማስገቢያውም ከማኒፎልዱ ጋር በአንድ ጓርኒሲዮን ስለሚታሰር እሱንም ማንሳትህ አይቀርም፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አብረህ ግዛ። ከ2000 ወዲህ ላሉት የተሠራ እንዳይሸጡልህ፣ የእነሱ ባለ ሁለት ቁራጭ ነው። ቡሎኖቹን ደግሞ ከዋዜማው ጀምረህ ዝገት ማላቀቂያ እየረጨህ አሳድራቸው።