የደሙ ውጤት ሲወርድ አባቴ ይድናሉ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ አባቴ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ መሣሪያ እየተረዱ ሳሉ የሳንባ ምች ያዛቸው። ሐኪሞቹ «ሲአርፒውም ፕሮካልሲቶኒኑም እየወረደ ነው» ይሉናል። ይህ ይድናሉ ማለት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ሆስፒታል ከገቡ 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚጀምር የሳንባ ምች ብዙ ጊዜ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ስለሚመጣ፣ ቤት ሳሉ ከሚይዘው ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ሲአርፒ ሰውነት ሲጎዳ ወይም ሲታመም ጉበት የሚያመነጨው ፕሮቲን ሲሆን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኢንፌክሽን ባይኖርም ስለሚጨምር የአንድ ቀን ውጤቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ፕሮካልሲቶኒን የተባለው ሌላው በደም የሚለካ ፕሮቲን ግን ከባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጋር ይበልጥ የተያያዘ ነው፤ ኢንፌክሽኑ በቁጥጥር ሥር ሲውል በየ24 ሰዓቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ኩላሊታቸው በደከመ ሕሙማን ላይ ግን ይዘገያል።

ስለዚህ ዋናው ነገር የቁጥሩ አቅጣጫ ነው። ሕክምናው ከተጀመረ ከጥቂት ቀናት በኋላም አልወርድ ካለ፣ ሐኪሞቹ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን አልያዘው እንደሆነ፣ ወይም በሳንባው ዙሪያ መግል ተቋጥሮ እንደሆነ እንደገና ይመረምራሉ። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያም አንቲባዮቲክ ለመጀመር በፕሮካልሲቶኒን መወሰንን አይደግፍም፤ ለማቆም ግን ከሕሙሙ ሁኔታ ጋር ተዳምሮ እንዲያግዝ ይመክራል።

የአባትዎ ውጤት መውረዱ በእውነት ደስ የሚያሰኝ ምልክት ነው፤ ሆኖም እኛ ከሩቅ ሆነን ይድናሉ ብለን ቃል መስጠት አንችልም። የኦክስጅን ፍላጎታቸው መቀነሱን፣ የደም ግፊታቸው ያለ መድኃኒት እርዳታ መረጋጋቱን፣ የደማቸው ላክቴት (ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው በደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) እና የኩላሊታቸው ሥራ መሻሻሉን ሐኪማቸውን ይጠይቁ።